ከሁለት ጥልቅ ቀይ ቀለሞች ለክፍልዎ የሚሆነውን እንዴት እንደሚመርጡ፦ ዝርዝር መመሪያ

ሁለት ጥልቅ ቀይ ቀለሞች ለይተው ከሁለቱ አንዱን መወሰን ያቃታቸው ሰዎች ራሳቸውን ደጋግመው የሚጠይቁት «የትኛው ይበልጥ ያምራል?» ብለው ነው። ይህ ጥያቄ መልስ የለውም፤ ሁለቱም ባያምሩ ኖሮ እስከ መጨረሻው ምርጫ ባልደረሱ ነበር። የሚሻለው ጥያቄ «ክፍሉን አዘውትሬ በምጠቀምበት ሰዓት፣ በዚያ ሰዓት ባለው ብርሃን፣ ቀይነቱን ሳይለቅ የሚቆየው የትኛው ነው?» የሚለው ነው። ጥልቅ ቀይ ብርሃን ሲያንሰው መልኩን በእጅጉ ከሚለውጡ ቀለሞች አንዱ ነው፤ በቀትር ሞቅ ያለ ቀይ ሆኖ የታየ ግድግዳ ምሽት ላይ ቡናማ፣ ጥግ ጥጉ ላይም ጥቁር ሊመስል ይችላል። ከዚህ በታች ያለው አካሄድ ይህን ጥያቄ በዓይን አይቶ ለመመለስ የሚረዳ ሲሆን፣ ከናሙና ቅብ እስከ ውሳኔ አምስት ወይም ስድስት ቀን ይወስዳል። ጊዜው የበዛ ቢመስልም፣ ባልተስማማ ጥልቅ ቀይ የተቀባን ክፍል ወደ ፈዛዛ ቀለም ለመመለስ ከሚጠይቀው ድካም ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

ለሥራው ከእያንዳንዱ ቀለም ትንሽ የናሙና ጣሳ፣ ጥቂት ነጭ የግድግዳ ቀለም፣ አራት ወፈር ያሉ ነጭ ካርቶኖች፣ ክዳን ያላቸው ሁለት ትንንሽ የካርቶን ሣጥኖች፣ ሁለት ሮለሮች፣ የወረቀት ፕላስተር፣ እርሳስና ማስታወሻ ደብተር ያስፈልጋሉ።

አንደኛ፦ ቀዮቹ ወዴት እንደሚያዘነብሉ ይለዩ

ወደ የትኛውም ወገን የማያደላ የግድግዳ ቀይ የለም ማለት ይቻላል። እያንዳንዱ ጥልቅ ቀይ ከሁለት አቅጣጫዎች ወደ አንዱ ያዘነብላል፤ ወደ ብርቱካናማና ወደ ቡናማ የሚያደላው የጡብ ወይም የዛገ ብረት መልክ ሲይዝ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላው ደግሞ ወደ ወይን ጠጅ ይጠጋል። ቀለሙ በጣሳ ውስጥ ወይም በትንሽ ካርድ ላይ ጥቅጥቅ ብሎ ሲታይ ግን ጥልቀቱ ይህን ዝንባሌ ይሸፍነዋል፤ ሁለት ፍጹም የተለያየ ጠባይ ያላቸው ቀዮች መንትያ መስለው የሚታዩትም በዚህ ምክንያት ነው።

የተሸፈነውን ለማውጣት ቀለሙን በነጭ ማሳሳት በቂ ነው። አንድ ማንኪያ ቀይ ከአሥር ማንኪያ ነጭ ቀለም ጋር በደንብ ያዋሕዱና በነጭ ካርቶን ቁራጭ ላይ ይቀቡት፤ ሁለተኛውንም በዚሁ መጠን ቀላቅለው አጠገቡ ይቀቡ። የሚወጡት ሁለት ሮዝ ቅቦች ናቸው፤ አንደኛው ወደ ብርቱካናማ፣ ሌላኛው ወደ ሐምራዊ ሲያደላ በግልጽ ይታያል። ሁለቱም ወደ አንድ ወገን ካደሉ፣ በእጅዎ ያሉት አንድ ዓይነት ቀይ በሁለት ጥልቀት ነው ማለት ነውና ምርጫው የብርሃን መጠን ጉዳይ ብቻ ይሆናል፤ ሥራዎም በግማሽ ይቀልላል።

ቀጥሎ የብርሃን መልስ ልኬቱን ይመልከቱ። ብዙ አምራቾች ቀለሙ ከሚያርፍበት ብርሃን ምን ያህሉን እንደሚመልስ ከ0 እስከ 100 ባለው ልኬት ያትማሉ፤ ልኬቱ ኤልአርቪ በመባል ይታወቃል፣ 0 ፍጹም ጥቁር፣ 100 ደግሞ ፍጹም ነጭ ማለት ነው። ጥልቅ ቀዮች ብዙውን ጊዜ የሚገኙት ከ5 እስከ 12 ባለው ክልል ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። በ70 እና በ73 መካከል ያለውን ልዩነት ዓይን እምብዛም አይለየውም፤ በ6 እና በ9 መካከል ያለው ያው የ3 ነጥብ ልዩነት ግን አንደኛው የሌላኛውን አንድ ተኩል እጥፍ ብርሃን ይመልሳል ማለት ነው። በአነስተኛ ቁጥሮች መካከል ያለችን ጥቂት ነጥብ ስለዚህ አይናቋት።

የቀለሞቹን የንግድ ስም ደግሞ ከዚህ በኋላ ይርሱት። ስሞቹ የሚወጡት ለመሸጥ ነው፤ ደስ የሚል ስም ያለው ቀለም በዓይን ሳይታይ አስቀድሞ ልብ ውስጥ ይገባል። በካርቶኖቹ ጀርባ «ሀ» እና «ለ» ብለው ብቻ ይጻፉ። በዚህ መመሪያም ወደ ቡናማ የሚያደላውን «ሀ»፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላውን «ለ» ብዬ እጠራቸዋለሁ።

ሁለተኛ፦ የናሙና ሰሌዳ ያዘጋጁ

ናሙናውን በቀጥታ ግድግዳው ላይ መቀባት የተለመደ ነው፤ እኔ ግን አልመክረውም። ግድግዳ ላይ የተቀባ ናሙና ከቦታ ቦታ ሊዘዋወር አይችልም፣ ጠርዙም ጥቂት ከፍ ብሎ ስለሚደርቅ ዋናው ቅብ ካለቀ በኋላ በጎን ብርሃን ተለይቶ ይታያል፤ ዙሪያውን የከበበው አሮጌ ቀለምም ዳኝነትዎን ያዛባል። በምትኩ ቢያንስ 40 በ60 ሴንቲሜትር የሆኑ ካርቶኖች ይውሰዱና ለእያንዳንዱ ቀለም ሁለት ሁለት ያዘጋጁ። ሁለት ማስፈለጉ ኋላ ላይ ጥግ ላይ ገጥመው ስለሚያዩአቸው ነው።

ካርቶኑን እስከ ጠርዙ ይቀቡት። ዙሪያውን ነጭ መተው ጥሩ እንደሆነ የሚመክሩ አሉ፤ ምክሩ ለፈዛዛ ቀለሞች ይሠራል። በነጭ የታጠረ ጥልቅ ቀይ ግን ክፍሉ በሙሉ ሲቀባ ከሚኖረው ይልቅ ጠቁሮ ይታያል፤ ዓይን ሁልጊዜ የሚመዝነው ከጎረቤቱ ጋር እያነጻጸረ ነውና። አንድ እጅ ብቻ ቀብተው ደግሞ አይፍረዱ። ጥልቅ ቀዮች ብርሃን አሳላፊ በመሆናቸው የካርቶኑ ነጭ ከሥር እያበራ ከእውነቱ የደመቀ መልክ ይሰጣቸዋል፤ ነጩ ፈጽሞ እስኪጠፋ ሦስት እጅ ሊጠይቁ ይችላሉ። በእያንዳንዱ እጅ መካከል ጣሳው ላይ የተጻፈውን የማድረቂያ ጊዜ ይጠብቁ፤ ከመጨረሻው እጅ በኋላም 24 ሰዓት ያቆዩት። በውሃ የሚቀጥኑ ቀለሞች እርጥብ ሳሉ ወተት የመሰለ ጉም ይኖራቸዋል፤ ሲደርቁ ጉሙ ይጠፋና ቀለሙ ይጠቁራል። እርጥቡን አይቶ «ልክ የፈለግሁት ይህ ነው» ያለ ሰው በማግስቱ ሌላ ቀለም ያገኛል።

ሦስተኛ፦ በብርሃን ይፈትኗቸው

የሥራው ዋና ክፍል ይህ ነው፤ ጊዜዎን ሊያሳልፉ የሚገባውም እዚህ ነው።

ሰሌዳዎቹን ሁልጊዜ አቁመው ይመልከቱ። ጠረጴዛ ላይ ወይም ወለል ላይ የተጋደመ ካርቶን ከላይ የሚወርደውን ብርሃን በሙሉ ይቀበላል፤ ግድግዳ ግን ብርሃኑን የሚያገኘው በጎን ነውና የተጋደመው ናሙና ከግድግዳው የበለጠ ፈክቶ ይታያል። ከዚያም በክፍሉ ውስጥ ቢያንስ ሦስት ቦታ ያፈራርቋቸው፤ ከመስኮቱ ትይዩ ባለው ግድግዳ ላይ፣ መስኮቱ ራሱ ባለበት ግድግዳ ላይ፣ እንዲሁም ከመስኮቱ በጣም በራቀው ጥግ። መስኮቱ ያለበት ግድግዳ ሰዎች ሳይፈትኑት የሚያልፉት ነው፤ ነገር ግን ከኋላው ብርሃን ስላለና ፊቱ ጥላ ስለሆነ ጥልቅ ቀይ ከሁሉ ይልቅ የሚጠቁረው እዚያ ነው።

መስኮቱ የሚያይበት አቅጣጫ የቀን ብርሃኑን መልክ ይወስናል። ከሐሩር ክልል በስተሰሜን ባሉ አገሮች ወደ ሰሜን የሚያይ መስኮት ቀጥተኛ ፀሐይ እምብዛም ስለማያገኝ የሚገባው ብርሃን የሰማይ ብርሃን ነው፤ ረጋ ያለና ወደ ሰማያዊ የሚያደላ። ከሐሩር ክልል በስተደቡብ ባሉ አገሮች ይህ ተገልብጦ ወደ ደቡብ ለሚያይ መስኮት ይሆናል፤ በምድር ወገብ አካባቢ ደግሞ ፀሐይ እንደ ወቅቱ በሁለቱም በኩል ስለምታልፍ አንድ ክፍል በዓመቱ ውስጥ ሁለቱንም ዓይነት ብርሃን ሊያይ ይችላል። ወደ ምሥራቅ የሚያይ ክፍል ማለዳ፣ ወደ ምዕራብ የሚያይ ደግሞ ወደ ማታ ሞቅ ያለ ወርቃማ ብርሃን ያገኛል። በሰማያዊማ ብርሃን ሥር «ለ» ወደ ወይን ጠጅ ሲንሸራተት «ሀ» ደግሞ ይደበዝዝና ቡናማነቱ ይጎላል፤ በወርቃማ ብርሃን ሥር «ሀ» ወደ ብርቱካናማ ሲያይል «ለ» የሰማያዊ ዝንባሌውን አጥቶ ንጹሕ ቀይ ወደ መሆን ይጠጋል። እንግዲህ ከሁለቱ የትኛው «እውነተኛ ቀይ» እንደሆነ በካርዱ ሳይሆን በመስኮቱ ይወሰናል ማለት ነው።

ከቀን ሰዓቶች ሁሉ በጥንቃቄ መታየት ያለበት ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ መብራት ከመብራቱ በፊት ያለው ጊዜ ነው። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ያን ፑርኪንዬ የተባለ የቼክ ተመራማሪ በጎሕ ሰዓት ቀይ አበቦች ጠቁረው፣ ሰማያዊዎቹና ቅጠሎቹ ግን አንጻራዊ ብሩህነት ይዘው እንደሚታዩ አስተውሎ ጽፏል። ምክንያቱ በዓይን ውስጥ ነው። በደማቅ ብርሃን የምናየው ኮን በተባሉት ሕዋሳት ሲሆን አጠቃላይ የብርሃን ስሜታቸው የሚበረታው በ555 ናኖሜትር (የብርሃን ሞገድ ርዝመት መለኪያ) አካባቢ ነው፤ ብርሃን ሲደክም ሥራውን የሚረከቡት ሮድ የተባሉት ደግሞ በ505 ናኖሜትር አካባቢ ይበረታሉ፣ ቀይ ወደሚገኝበት ከ620 ናኖሜትር በላይ ላለው ብርሃንም ደንታ የላቸውም ማለት ይቻላል። በመሆኑም ምሽት ላይ ጥልቅ ቀይ ግድግዳ የሚጠቁረው ቀለሙ ጉድለት ኖሮት አይደለም፤ የትኛውም የተሻለ ጥራት ያለው ቀለም ከዚህ አያመልጥም። በመጠኑ የሚሻለው ጥቂት ከፍ ያለ የብርሃን መልስ ያለው ነው፤ ከላይ ያየናት የ3 ነጥብ ልዩነት ዋጋዋ የሚታወቀውም በዚህ ሰዓት ነው።

ከዚያ በኋላ የመብራቱ ተራ ነው። የአምፖል ብርሃን መልክ የሚለካው በኬልቪን ሲሆን፣ 2700 የሆነው ሞቅ ያለ ቢጫማ፣ 4000 የሆነው መካከለኛ፣ ከ5000 በላይ የሆነው ደግሞ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ ነው። ለጥልቅ ቀይ ክፍል እኔ ከ2700 እስከ 3000 ያለውን እመርጣለሁ፤ ከ5000 በላይ በሆነ አምፖል ሥር ሁለቱም ቀዮች ሕይወት ያጣሉ። ኬልቪኑ ብቻ ግን አይበቃም። ኤልኢዲ አምፖሎች ማሸጊያ ላይ ሲአርአይ ወይም አርኤ የሚል ቁጥር ይገኛል፤ ይህ የቀለም አገላለጽ መለኪያ የሚሰላው ከስምንት ለስላሳ ቀለሞች አማካይ ነው፣ ከስምንቱ መካከል ደግሞ ጥልቅ ቀይ የለበትም። ጥልቅ ቀይን የሚመለከተው ለብቻው የሚለካውና አር9 የሚባለው ነው። ሲአርአይ 80 የተጻፈበት አምፖል አር9 በጣም ዝቅ ያለ ሊሆን ስለሚችል ሌላው ዕቃ ሁሉ ደህና ሆኖ ሲታይ ቀዩ ግድግዳ ብቻ የደረቀ ጭቃ ይመስላል። ሲአርአይ 90 እና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ከተቻለም አር9 ቁጥሩ የተገለጸ አምፖል ይግዙና ሁለቱን ሰሌዳዎች በአሮጌውም በአዲሱም አምፖል ሥር ይመልከቱ። ግድግዳን ከመቀየር አምፖልን መቀየር ይረክሳል፤ ብዙ «የተበላሹ» ቀይ ክፍሎች የተበላሹት ከጣሪያው በሚወርደው ብርሃን ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ስሕተት ልናገር። መጀመሪያ የቀባሁትን ቀይ ክፍል ቀለም የመረጥሁት ከመደብሩ ቀዝቃዛ ነጭ መብራት ሥር ቆሜ ነበር። እዚያ ሁለቱ ቀዮች በጥቂቱ ብቻ የሚለያዩ ሆነው ታዩኝ፤ ቤት ሲደርሱ በሌላ ብርሃን ሥር ተለያዩ፣ እኔ የያዝሁትም የማልፈልገው ሆነ። በአንድ ብርሃን ተመሳስለው በሌላ ብርሃን የሚለያዩ ቀለሞች መኖራቸው ሜታመሪዝም ይባላል፤ የሚከሰተውም አንድ ዓይነት መልክ በተለያዩ ማቅለሚያዎች ቅልቅል ሊሠራ ስለሚችል ነው።

ሲመለከቱ ዓይንዎንም ይጠብቁ። ቀይ ላይ ለረጅም ጊዜ ያፈጠጠ ዓይን ለቀይ ይደክማል፤ ከዚያ ወደ ነጭ ጣሪያ ቢያዩ አረንጓዴማ ጥላ ይታይዎታል፣ ቀዩም ራሱ ከነበረው ደብዝዞ ይታያል። ስለዚህ አምስት ወይም አሥር ሰከንድ ይመልከቱ፣ ዓይንዎን ወደ ግራጫ ወይም ወደ ደብዛዛ ነገር ያዙሩ፣ ከዚያ ሁለተኛውን ይመልከቱ። መጀመሪያ የሚያዩትንም በየዙሩ ያፈራርቁ። በስልክ ፎቶ አንስተው ማወዳደር ደግሞ አይጠቅምም፤ ካሜራው የብርሃኑን መልክ በራሱ ስለሚያስተካክል ለማየት የፈለጉትን ልዩነት አጥፍቶ ያቀርብልዎታል።

በማስታወሻ ደብተሩ ላይ ለማለዳ፣ ለቀትር፣ ለምሽትና ለሌሊት አራት መስመር ያስምሩና ለእያንዳንዱ ቀለም በየቦታው ያዩትን በአንድ ቃል ብቻ ይጻፉ፤ ቀይ፣ ቡናማ፣ ወይን ጠጅ፣ ጥቁር። «ደስ ይላል» ወይም «ይከብዳል» የሚሉ ቃላት አይጻፉ፤ ስሜት ከሰዓት ሰዓት ይለዋወጣል፣ ያዩት መልክ ግን ይጸናል። ቢያንስ ሁለት ቀን፣ የሚቻል ከሆነ አንድ ደመናማና አንድ ፀሐያማ ቀን ይያዙ። ከቤተሰቡ መካከል ቀይና አረንጓዴን ለመለየት የሚቸገር ሰው ካለ እርሱንም ይጠይቁት። ከዚህ ዓይነት የዓይን ሁኔታዎች በአንዱ ጥልቅ ቀይ ከሌላው ሰው እይታ ይልቅ ጠቁሮ ስለሚታይ፣ ለእርስዎ ሞቅ ያለው ግድግዳ ለእርሱ ጥቁር ግድግዳ ሊሆን ይችላል።

አራተኛ፦ ከጎረቤቶቹ ጋር ያስተያዩ

ሚሼል ኤዥን ሼቭረል የተባለው ፈረንሳዊ ኬሚስት በፓሪስ የጎብለን የምንጣፍና የመጋረጃ ፋብሪካ የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ ሳለ፣ አንዳንድ ጥቁር ክሮች ደብዝዘዋል የሚል ቅሬታ ቀርቦለት ነበር። መርምሮ ያገኘው ጉድለቱ በማቅለሚያው ውስጥ ሳይሆን ከጥቁሩ አጠገብ በተሸመኑት ቀለሞች ላይ መሆኑን ነው፤ ግኝቱንም እ.ኤ.አ. በ1839 በስፋት አሳተመ። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ቀለሞች እርስ በርስ ይገፋፋሉ፤ እያንዳንዱም ጎረቤቱን ወደ ራሱ ተቃራኒ ያዘነብለዋል።

ይህ በክፍል ውስጥ በተግባር ይታያል። ብርቱካናማ ቀመስ የእንጨት ወለል «ለ»ን ወደ ሰማያዊ ስለሚገፋው ወይን ጠጅነቱ ይጎላል፤ ያው ወለል ከ«ሀ» ጋር ግን ይዋሐዳል፣ አንዳንዴም እስከ መሰልቸት። ግራጫ ወለልና ጥቁር ብረት ባለበት ክፍል «ለ» ይበልጥ ይረጋጋል። አረንጓዴ ተክል ወይም አረንጓዴ ጨርቅ ሁለቱንም ያቀላቸዋል። የበርና የመስኮት ፍሬሞች ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ ከሆኑ ከቀዩ ጋር ያላቸው ንጽጽር ይበረታና ግድግዳው ይጠቁራል፤ ክሬም ከሆኑ ጠርዙ ይለሰልሳል፣ በተለይም ከ«ሀ» ጋር። ሰሌዳዎቹን ከወለሉ ጋር እንዲነካኩ አቁመው፣ ከበሩ ፍሬም ጋር አስጠግተው፣ ከትልቁ የቤት ዕቃ ጀርባ አድርገው ይመልከቱ። ሊቀይሩት ከማያስቡት ነገር ጋር የተጣላው ቀለም፣ የቱንም ያህል ቢወዱት፣ መቅረት ያለበት እርሱ ነው።

አምስተኛ፦ ምን ያህል ግድግዳ እንደሚቀባ ያስቡ

አራቱም ግድግዳ ቀይ የሆነበት ክፍል አንድ ግድግዳ ብቻ ቀይ ከሆነበት ጋር አንድ ዓይነት ቀለም አይኖረውም፤ ከአንድ ጣሳ የተቀዳ ቢሆንም እንኳ። ብርሃኑ ከአንዱ ቀይ ግድግዳ ወደ ሌላው እየተመላለሰ ሲነጥር በእያንዳንዱ ምልልስ ቀይ ያልሆነው ይዋጣል፣ የቀረው ደግሞ ይበልጥ ቀይ ይሆናል። በዚህ የተነሣ አራት ግድግዳ የተቀባበት ክፍል ከናሙናው ይልቅ የጠገበ ቀይ ይይዛል፤ ነጩ ጣሪያም ሮዝ ጥላ ያርፍበታል፣ በክፍሉ የተቀመጡ ሰዎች ፊትም እንዲሁ።

ይህን አስቀድሞ ለማየት የአንዱን ቀለም ሁለት ሰሌዳዎች በጥግ ላይ እንደ መጽሐፍ ገጥመው መገጣጠሚያው አካባቢ ያለውን ይመልከቱ። ከዚህ የሚሻለው ግን ሣጥኑ ነው። የእያንዳንዱን ሣጥን ውስጣዊ አራት ጎኖች በአንደኛው ቀለም ይቀቡ፣ ወለሉን ከክፍልዎ ወለል ጋር በሚቀራረብ ወረቀት ይሸፍኑ፣ ክዳኑን ነጭ ይተዉት፣ በአንደኛው ጎን በክፍልዎ ያለውን መስኮት የሚያህል መጠን ያለው ቀዳዳ ያውጡ። ከዚያ ሌላ ትንሽ ቀዳዳ በኩል ወደ ውስጥ ይመልከቱ። ጨዋታ ይመስላል፤ ከየትኛውም ካርድ በላይ እውነቱን የሚናገረው ግን ይህ ሣጥን ነው። በሰሌዳ ላይ ደከም ብሎ የታየው ቀለም በሣጥኑ ውስጥ ልክ ሲሆን፣ በሰሌዳ ላይ ያማረው ደግሞ ሲያፍን ማየት የተለመደ ነው። ለአራት ግድግዳ ከሁለቱ ረጋ ያለውን፣ ለአንድ ግድግዳ ደፈር ያለውን ወደ መምረጥ የማደላው ለዚህ ነው።

ክፍሉ የፊት ማስዋቢያ፣ የሥዕል ወይም የልብስ ቀለም ማዛመጃ ሥራ የሚሠራበት ከሆነ ግን አንዱንም አይምረጡ። በቀይ ግድግዳ መካከል የሌላ ቀለም ዳኛ መሆን አይቻልም።

ስድስተኛ፦ የአንጸባራቂነቱን ደረጃ ይወስኑ

የማያንጸባርቀው ማት የግድግዳውን ጉብታና የስቱኮ ጉድለት ይሸፍናል፣ ቀዩንም ለስላሳ ያደርገዋል፤ በጥልቅ ቀለም ላይ ግን ሰው ሲታከከውና ሲወለወል የሚያብለጨልጭ ጠባሳ ይተዋል። በመጠኑ የሚያንጸባርቀው ሳቲን ይታጠባል፣ ቀዩንም ያጠልቀዋል፤ በምትኩ የመስኮቱን ነጸብራቅ ይመልሳል፣ ግድግዳው ወጣ ገባ ከሆነም ያጋልጠዋል። ሰው የሚበዛበት መተላለፊያ ሳቲን፣ የመኝታና የንባብ ክፍል ማት ቢሆን ይስማማል። ናሙናውን በሚገዙት ደረጃ ካልቀቡት ግን ከላይ ያለው ልፋት ሁሉ ከንቱ ነው፤ ያው ቀይ በማትና በሳቲን ሁለት የተለያየ ጥልቀት አለው።

ሰባተኛ፦ የትኛው ይበልጥ እንደሚሸፍን ይፈትሹ

ፈዛዛ ቀለሞች በደንብ የሚሸፍኑት በውስጣቸው ባለው ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ በተባለው ነጭ ዱቄት ምክንያት ነው። ጥልቅ ቀይ ለመሥራት ይህ ነጭ መቀነስ ወይም ፈጽሞ መቅረት ስላለበት መሸፈኑን የሚሠሩት ቀይ ማቅለሚያዎቹ ብቻ ይሆናሉ፤ እነርሱ ደግሞ አንድ ዓይነት አይደሉም። እንደ «ሀ» ወደ ቡናማ የሚያደሉ ቀዮች ብዙውን ጊዜ የብረት ኦክሳይድ ይበዛባቸዋል፤ ይህ ማቅለሚያ ጥቅጥቅ ያለ፣ በፀሐይ የማይለቅና በደንብ የሚሸፍን ነው። ወደ ሰማያዊ የሚያደሉት እንደ ኩዊናክሪዶን ያሉ ኦርጋኒክ ማቅለሚያዎችን ይጠቀማሉ፤ እነዚህ ንጹሕና ያማሩ ናቸው፣ ብርሃን አሳላፊ በመሆናቸው ግን ተጨማሪ እጅ ይጠይቃሉ። ይህን ራስዎ ለማየት በነጭ ካርቶን ላይ በጥቁር ማርከር ወፍራም መስመር ያስምሩና ሁለቱንም ቀለሞች አንድ እጅ፣ ሁለት እጅ፣ ሦስት እጅ እያሉ በደረጃ ይቀቡበት። መስመሩ በየትኛው እጅ እንደጠፋ መዝግቡ።

ከሥር የሚቀባው ፕራይመር ነጭ መሆን የለበትም። ከቀዩ ጥልቀት ጋር የሚቀራረብ ግራጫ ፕራይመር ሲሆን ቀዩ በአነስተኛ እጅ ይሸፍናል፤ አንዳንድ አምራቾች ለእያንዳንዱ ጥልቅ ቀለም የሚስማማውን ግራጫ ለይተው ይገልጻሉ። ሮዝ ፕራይመር ይሻላል የሚል አስተያየት ይሰማል፤ ሮዝ ግን ፈዛዛ ስለሆነ ቀጭን የቀረበት ቦታ ሁሉ ያበራል።

ስምንተኛ፦ ይወስኑ

አሁን ማስታወሻውን ይክፈቱና ክፍሉን አዘውትረው የሚጠቀሙበትን ሰዓት መስመር ብቻ ያንብቡ። ምሽት የሚቀመጡበት ክፍል ከሆነ የቀትሩ መስመር ምንም ያህል ያማረ ቢሆን ድምፅ የለውም። በዚያ መስመር ላይ በሦስቱም ቦታዎች «ቀይ» የሚል ቃል የያዘው ቀለም ምርጫዎ ነው። ሁለቱም እኩል ከቀሩ፣ ወደሚቀጥለው የአጠቃቀም ሰዓት ይለፉ፤ አሁንም ካልተለያዩ ጥያቄውን ይገልብጡትና ሁለቱም ሲከፉ የሚሆኑትን ያወዳድሩ። «ሀ» ሲከፋ ቡናማ ይሆናል፣ «ለ» ሲከፋ ወይን ጠጅ። ከቡናማ ጋር መኖር የሚችል ሰው ወይን ጠጅን ላይችለው ይችላል፤ ይህን ደግሞ ከእርስዎ በቀር የሚያውቅ የለም።

ሁለቱን ቀላቅሎ መካከለኛውን መያዝ ለብዙዎች የሚመጣ ሐሳብ ነው። ከአንድ አምራችና ከአንድ ዓይነት ቀለም እስከሆኑ ድረስ ይሠራል፤ ቀለሙ ቢያልቅ ግን በትክክል መልሶ ማግኘት አይቻልም፣ የሁለት ተቃራኒ ዝንባሌዎች ቅልቅልም ከሁለቱም የደበዘዘ ይወጣል። እኔ አላደርገውም።

ዘጠነኛ፦ መጠኑን አስልተው በአንድ ጊዜ ይግዙ

አንድ ሊትር የግድግዳ ቀለም በለስላሳ ግድግዳ ላይ ለአንድ እጅ በአማካይ ከ10 እስከ 12 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። 4 በ5 ሜትር የሆነ፣ ቁመቱ 2.7 ሜትር የሆነ ክፍል የግድግዳው ዙሪያ 18 ሜትር፣ ስፋቱ 48.6 ካሬ ሜትር ነው። ለአንድ በርና ለአንድ መካከለኛ መስኮት 3.5 ካሬ ሜትር ያህል ሲቀነስ 45 ካሬ ሜትር ይቀራል። በዝቅተኛው ስሌት ለአንድ እጅ 4.5 ሊትር፣ ለሦስት እጅ 13.5 ሊትር ይሆናል። 4 ሜትር የሚረዝመውን አንድ ግድግዳ ብቻ ከቀቡ ስፋቱ 10.8 ካሬ ሜትር ነውና ለሦስት እጅ 3.3 ሊትር ያህል ይበቃል። በሰባተኛው ፈተና አራት እጅ የጠየቀ ቀለም ከሆነ ስሌቱን በዚያው ያስተካክሉ።

በጥልቅ ቀይ ላይ በተለያየ ቀን የተቀላቀሉ ሁለት ጣሳዎች ጥቂት ሊለያዩ ይችላሉ፤ ልዩነቱም በግድግዳው መካከል ሰንበር ሆኖ ይታያል። ስለዚህ የሚያስፈልገውን በሙሉ በአንድ ጊዜ ይግዙ፣ ጣሳዎቹንም በአንድ ትልቅ ባልዲ ውስጥ ገልብጠው ያዋሕዷቸው። በሚቀቡበት ጊዜ አንድን ግድግዳ ጀምረው ሳይጨርሱ አያርፉ፤ የደረቀ ጠርዝ ላይ የሚደረብ ጥልቅ ቀለም መስመሩን አይደብቅም። ከላይ ወደ ታች፣ እርጥቡን ጠርዝ እየተከተሉ ይውረዱ።

ሥራው ሲያልቅ ከተረፈው ቀለም አንድ ጠርሙስ በደንብ ከድነው ያስቀምጡ። በናሙናው ሰሌዳ ጀርባ ላይ የቀለሙን መለያ ቁጥር፣ የአንጸባራቂነቱን ደረጃ፣ የተቀላቀለበትን ቀንና የአምፖሉን ኬልቪን ይጻፉ። ወደፊት ግድግዳው ቢጫር ነጥቡን ብቻ ነክቶ ማስተካከል በጥልቅ ማት ላይ እንደ ጥገና ጠባሳ ይታያል፤ የሚሻለው ያንን ግድግዳ ከጥግ እስከ ጥግ አንድ እጅ መድገም ነው።